ጣሳው እስኪጮህ

ባሌ ዳምጠው ጎልፍ ይጫወታል ብል አሶሳ ውስጥ ማን ያምነኛል? ሹፌር ነው። የእርዳታ ድርጅት መኪና ይዞ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ሲመላለስ ይውላል። የድርጅቱ ኃላፊ የነበረው ፈረንጅ አገሩ ሲገባ አንድ የጎልፍ ዱላና ጥቂት ነጫጭ ኳሶች ትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የቢሮው ሰው ሁሉ ከሥራ በኋላ ግቢው ውስጥ ኳስ ወደ ጉድጓድ ማንከባለል ሆነ ሥራው። ለዓመት በዓሉም ውድድር ይኖራል ተባለ።

ይጫወት፤ ምን ቸገረኝ? አስተማሪው ሀዊ ባትሆን ኖሮ።

ሀዊ እዚያው ቢሮ ነው የምትሠራው። የባምባሲ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ስትማር ጎልፍ ሜዳ ውስጥ ሠርታለች አሉ። ቆንጆ ናት። ይኸው ተናገርኩት፤ አልደግመውም። እኔ ባሌን ዳምጠው እለዋለሁ፤ እሷ "ዳሜ" ትለዋለች። እኔን ደግሞ፣ ብበልጣት ብበልጣት በአራት ዓመት ነው፣ "እትዬ አስረሳሽ" ትለኛለች። እትዬ! ያን ቀን ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ምን ያህል እንደቆምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ቅናት ነው ካላችሁ፣ አዎ ነው።

እራት ላይ ወሬው እሷው ናት። "ሀዊ እንዳለችው ነገሩ ጉልበት አይደለም። ከመታህ በኋላ ዓይንህን ከመሬት አታንሳ ትላለች። ኳሷ መግባቷን በጆሮህ ነው የምትሰማው። ዓይኑን ያነሳ ይስታል።" ወጡ ጨው እንደበዛበት እንኳ አልታወቀውም። ሆን ብዬ ነበር ያበዛሁት።

ከዚያ ሀዊ ለሥራ ሸርቆሌ ተላከች። የላካትን እግዜር ይባርከው አልኩ። ዳምጠውም ዱላውን ይዞ ቤት መጣ። የጓሯችንን ቀይ አፈር ጠርጎ፣ ውሃ አርከፍክፎ፣ ጠቅጥቆ፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ቀበረበት።

"ነይ እስኪ፣ ጣሳው ጋ ቁሚና ኳሷን መልሺልኝ" አለኝ።

ቆምኩለት። መታ፤ ጣሳው ጮኸ። ደገመ፤ ጮኸ። በማግስቱ ፀጉሬን ተሠርቼ ቆምኩ፤ ጮኸ። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ቆምኩ፤ አሁንም ጮኸ።

"አንቺ ካለሽ አልስትም፤ ገዴ ነሽ" አለኝ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ለማን ያላወራሁት አለ? የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ ከዘበኛው ጀምሮ የባሌ ገድ መሆኔን ያልሰማ የለም። ሀዊ ስትመለስም በገዛ አፌ እኔው ጠራኋት። ትምጣና ትየው አልኩ። ያለ እሷ የተማረውን፣ በእኔ የቀናለትን ትይ።

እሁድ ከሰዓት መጣች። "እትዬ አስረሳሽ፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ። በአንቱ! ፈገግ ብዬ ማንጎው ሥር ወንበር አወጣሁላት። እኔ በአዲሱ ቀሚሴ ቦታዬን ያዝኩ።

ዳምጠው መታ። ኳሷ ጣሳውን በስንዝር አልፋ ጫማዬን ነካች። ደገመ። ይህችኛዋ አጥሩ ጋ ደረሰች።

"አፈሩ ደርቆ ነው" አለ።

ጠዋት ውሃ ያርከፈከፍኩት እኔ ነኝ።

ሀዊ ሳቀች። "ዳሜ፣ ምን ነበር ያልኩህ? ዓይንህን አነሳህ እኮ!"

እኔ አስተማሪ ነኝ። ፈተና ላይ ዓይኑን የሚያነሳ ልጅ ወዴት እንደሚያይ ሰሌዳው ጋ ቆሜ ማወቅ ሥራዬ ነው። የዳምጠው ዓይን ወደ ጣሳው አልመጣም፤ ወደ እኔም አልመጣም። ማንጎው ሥር ነው የሄደው። ያን ሁሉ ቀን በተሠራ ፀጉርና በአዲስ ቀሚስ ፊቱ ቆሜ ጣሳው ለምን እንደጮኸ ያኔ ገባኝ።

"እርስዎን ፈርቶ ይሆናል፤ እስቲ ዞር ይበሉለት" አለችኝ ሀዊ፣ ከልቧ አዝናለት። ምንም አታውቅም፤ አለማወቋ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

"እኔን አይፈራም" አልኳት። "እኔ ፊቱ ቆሜ አንድ ቀን ስቶ አያውቅም።"

ጎንበስ ብዬ ኳሷን ከጫማዬ ሥር አነሳሁና ጣሳው ውስጥ ጣልኳት። ጮኸ።

ዳምጠው ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።