የግራው ፓራፋንጎ

ስንታየሁ ጋምቤላ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት በባትላሜራነት ሠርቷል። የተጨራመተ በር፣ የተጣመመ ኮፈን፣ ከዛፍ ጋር የተላተመ ሚኒባስ፣ ሁሉም ወደ እሱ ይመጣ ነበር። ሌሎች ጋራዦች ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞልተው ቀለም ይቀቡበታል። እሱ ስቱኮ ሲነኩ ማየት አይወድም። ላሜራውን በመዶሻ ይመታል፣ በመዳፉ ይዳብሳል፣ እንደገና ይመታል፤ እንዲህ እያለ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት ግራ ትከሻው ከበር መቃን ጋር መጋጨት ጀመረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ በየቀኑ። ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ ሳያየው በክንዱ ይጥላል። ባለቤቱ አልማዜ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ እንደ ተማሪ ልጅ እጁን ይዛ ጅማ ድረስ ወሰደችው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት መሆኑን ነገራቸው። የጠፋው እይታ አይመለስም፤ የቀረውን ያዘዘለት የዓይን ጠብታ ለጊዜው ያቆይለት ይሆናል።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ፣ «ለማንም እንዳትነግሪ» አላት።

«እስከ መቼ?»

«እስከምችል። ዓይኑ የጠፋ ባትላሜራ ዘንድ መኪናውን የሚያመጣ ማነው?»

አልማዜ አልነገረችም። እሱም ሥራውን ቀጠለ። ሥራው የመዳፍ ሥራ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። በጠራ ብርሃን የማይታይ እብጠት እንኳ ጣቱ ያገኘው ነበር።

በመጋቢት ወር ኛኩዋኒ መጣች። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ መንገደኛ የምታስተናግድ ረጅም፣ ቁጥብ ሴት ናት፤ የጠዋቱ በረራ ከወጣ በኋላ የደንብ ልብሷን ሳትቀይር በባጃጅ ደረሰች። አባቷ ፓስተር ጋትዌች አንድ አሮጌ ላንድሮቨር አላቸው። ጥንት ሚሲዮኖቹ ትተውላቸው የሄዱት፣ ከጋምቤላ በባሮ ወንዝ ቁልቁል ወዳለችው አገራቸው ማታር፣ ከማታር ጋምቤላ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመላለሱበት መኪና ነው። ባለፈው ነፋስ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ወድቆ የመኪናውን ፊት ጨፍልቆታል። ሞተሩ ደህና ነው፤ ኮፈኑና ከፊት ጎማዎቹ በላይ ያሉት ሁለቱ ፓራፋንጎዎች ግን እንደ ወረቀት ተጨማድደዋል። መብራቶቹ የሚታሰሩት ፓራፋንጎዎቹ ላይ ስለሆነ ያለ እነሱ ትራፊክ አያሳልፍም።

«አባቴ ታሟል» አለች። «ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰጂው አሉኝ። ቤቱ ማታር ነው። በዚህች መኪና ካልሆነ አልሄድም ይላል።»

«መለዋወጫ አይገኝም» አላት ስንታየሁ። «በእጄ ነው የምሠራው። አሉሚኒየም አምጪልኝ። ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት።»

«ዝናብ ሳይገባ?»

«ዝናብ ሳይገባ።»

አሉሚኒየሙን የሕንጻ መሣሪያ ነጋዴው ሙሐመድአሚን ከአዲስ አበባ አስጫነላቸው። እንደዚያ ያለ ስስ ዝርግ እሱም ሸጦ አያውቅም። ለፓስተሩ ሲል አፈላልጎ፣ በካርቶን አስጠቅልሎ ሁለት ዝርግ አመጣ። ኮፈኑን ስንታየሁ አቃናው፤ ሁለቱ ዝርጎች ለሁለቱ ፓራፋንጎዎች ናቸው። ትርፍ አልነበረም።

የቀኙን በአሥራ አንድ ቀን ጨረሰው። ዝርጉን አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ አስተኝቶ በእንጨት መዶሻ ይደበድበዋል። ዝርጉ እየተለጠጠ እንደ ሰው ጉልበት ይከባል። ሲጠነክርበት በጋዝ እሳት አለስልሶ እንደገና ይጀምራል። ኛኩዋኒ ከሥራ በኋላ እየመጣች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። አንድ ቀን አባቷን በባጃጅ ይዛቸው መጣች። ሽማግሌው ሰውነታቸው አልቆ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። በእሷ ተደግፈው ወረዱና የተጠናቀቀውን ፓራፋንጎ ከላይ እስከ ታች በእጃቸው ዳሰሱት።

«ይሄ የድሮው ነው» አሉ።

«አይደለም፣ አባ። አዲስ ነው። አሁን የሠራሁት።»

ፓስተሩ ሳቁ፤ ጥቂት ጥርስ ነበራቸው። «ወንድሜ፣ እኔ በዚህች መኪና ሆኜ ማታር ልግባ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።»

ስንታየሁ የዚያን ቀን ቤቱ ገብቶ ራቱን እየሳቀ በደንብ በላ። አልማዜ ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ሲስቅ አላየችውም ነበር።

የግራው የተበላሸው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ቅርጹ ግማሽ ደርሷል፤ ከማዕዘኑ አካባቢ ጠንክሮበት መለስለስ ነበረበት። አሉሚኒየም እንደ ብረት ሲግል አይቀላም። ምንም ሳያሳይ ድንገት ይቀልጣል። ስለዚህ ባትላሜራ ላዩን በሳሙና ይቀባዋል፤ ሳሙናው ቡኒ ሆኖ ሊጠቁር ሲል እሳቱን ያነሳል። የሚታየው ሳሙናው ብቻ ነው። መዳፍ እዚያ ላይ አይረዳም።

በቀኙ ጊዜ በጠዋት፣ በደጅ፣ በጠራ ብርሃን ነበር ያሞቀው። ማክሰኞ ደመና ነበር። ስንታየሁ እሳቱን ለኩሶ ጎንበስ አለ። መሐሉ ይታየዋል፤ ጠርዙ ግን በጭጋግ ውስጥ ነው። ራሱን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ። ሳሙናው ነጭ ይሁን ቡኒ አልለየውም። ኛኩዋኒ ሁለት እርምጃ ርቃ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። «እስቲ እይልኝ፣ ምን መሰለ?» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር። ከዚያ ግን «ለምን? አንተ አይታይህም?» ብላ ስትጠይቀው ታየውና ዋጠው። ትንሽ ይቀረዋል፣ አሁንም ትንሽ ይቀረዋል አለ በልቡ።

ማዕዘኑ እንደ ቅቤ ወረደ።

ሲንጠባጠብ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ኛኩዋኒ ብድግ አለች።

«ጋሽ ስንታየሁ! ምን ሆነ?»

እሳቱን አጠፋ። መልስ ሲፈልግ መጀመሪያ የመጣለትን ተናገረ።

«ላሜራው ነው» አለ። «ድብልቅ ነው። እሳት አይችልም። መጥፎ ነው ያመጡልን።»

ኛኩዋኒ ጎንበስ ብላ የቀለጠውን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የሄደችው ወደ ሙሐመድአሚን ሱቅ ነበር። ገበያተኛ ሞልቶ ሳለ በሩ ላይ ቆማ፣ «ሊሞት የደረሰ ሽማግሌ ታታልላለህ? እግዚአብሔርን አትፈራም?» ብላ ጮኸችበት። በማግስቱ ሙሐመድአሚን ራሱ ወደ ጋራዡ መጣ። ከስንታየሁ ጋር ለሃያ ዓመት ይተዋወቃሉ።

«ጋሽ ስንታየሁ፣ ያንተን ቃል ነው የምሰማው። እውነት ላሜራው ብልሽት ነበረው?»

ስንታየሁ የተቃጠለውን ቁራጭ በእጁ እያገላበጠ ቆየ። ያን ጊዜም መናገር ይችል ነበር።

«እንግዲህ... እሳት አልቻለም» አለ።

ሙሐመድአሚን ራሱን ነቀነቀ። «እሺ። እንግዲያው ሌላ ሰው ያምጣላችሁ። በእኔ በኩል በቃኝ» ብሎ ሄደ።

ስንታየሁ ለኛኩዋኒ፣ «ለበር ከሚሸጠው የብረት ላሜራ እሠራዋለሁ፤ ይከብዳል እንጂ ይሆናል» ሲል ቃል ገባ። ላሜራውንም ገዛ። በየጠዋቱ ጋራዡን ይከፍታል፣ መዶሻውን ያነሳል፣ ላሜራው ላይ ይቆማል። መምታት ግን አልቻለም። የሚሳሳት ይመስለዋል። መዳፉ ያወቀውን ሁሉ ማመን አቃተው። ተመልሶ ይቀመጣል። ኛኩዋኒ ስትመጣ፣ «ነገ» ይላታል። አልማዜ ምሳ ይዛለት ስትመጣ ላሜራው ከትናንቱ አልተነካም።

«ላሜራው መጥፎ አልነበረም፣ አይደል?» አለችው አንድ ቀን ሳህኑን እያስቀመጠች።

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገው። ምሳውም እንደተከደነ ተመለሰ።

ዝናቡ ከግንቦት መግቢያ ጀምሮ ወረደ። የማታር መንገድ ጭቃ ሆነ፤ የጭነት መኪኖች መሐል ላይ ቀሩ። ፓስተር ጋትዌች ልጃቸው ቤት፣ በር አጠገብ ባለ አልጋ ላይ ሆነው ማልደው፣ «እሷስ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። መኪናዋን ማለታቸው ነው። ኛኩዋኒም «ነገ ነው» ትላቸዋለች። ለመንገድ ያዘጋጁት ሻንጣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋው ሥር አልተነሳም። ሐሙስ ጠዋት፣ እሷ መንገደኞች እያሳፈረች ሳለ፣ አረፉ።

አስከሬናቸው በሞተር ጀልባ በባሮ ወደ ማታር ወረደ። ስንታየሁ ወንዙ ዳር ሄዶ ነበር። ሰዎቹ እየዘመሩ ሲሳፈሩ ከኋላ ቆሞ ሰማ፤ ኛኩዋኒ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልቻለም። ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም ማንንም አላናገረም።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣ። ኛኩዋኒ ከማታር ተመልሳ ሥራ መግባቷን ሲሰማ አልማዜን፣ «አውሮፕላን ማረፊያ ውሰጂኝ» አላት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። በባጃጅ ሄደው አውሮፕላኑ እስኪነሳ ከአጥሩ ውጭ ጠበቁ። ኛኩዋኒ ስትወጣ አልማዜ ራቅ ብላ ቆመች።

«ላሜራው ደህና ነበር» አላት ስንታየሁ፤ ሰላምታ እንኳ አልሰጣትም። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓይኔ እየጠፋ ነው። ሳሙናው መጥቆሩ አልታየኝም።»

«እኔ እዚያ ነበርኩ» አለች ኛኩዋኒ። «ሁለት እርምጃ። እኔ ዓይን ነበረኝ።»

«አዎ።»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አፈርኩ።»

«አባቴ ሽንት ቤት የሚሄደው በእኔ ትከሻ ነበር» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ትልቅ ሰው ነው። ብዙ ሰው ያጠመቀ ሰው ነው። እኔ ልብሱን አወልቃለሁ። እሱ አላፈረም። አንተ ስለ ሳሙና አፈርክ?»

«ሙሐመድአሚንን በሰው ፊት ሰደብኩት» አለች ቀጥላ። «አባቴን ነገ፣ ነገ እያልኩ ዋሸሁት። ያንተን ውሸት እኔ ተሸክሜ ዞርኩ።» ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት እጇን አነሳች። «ተው፣ ጋሽ። ዛሬ አትናገር።» ዘወር ብላ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

በዚያው ቀን ወደ ሙሐመድአሚን ሱቅ ሄደ። ነጋዴው ሚስማር እየመዘነ ነበር፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

«ዓይንህን አላህ ይማርልህ» አለ። «ከዚያ ወዲህ ግን ሰው ሲሚንቶ እንኳ ከእኔ ሲገዛ ደህና ነው ወይ ይለኛል። ያንን ማን ይመልስልኛል?» ሚስማሩን ለገዢው አቀብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

በሰኔ ኛኩዋኒ ላንድሮቨሩን የሚወስድ የጭነት መኪና ላከች፤ ራሷ አልመጣችም። ሰዎቹ መኪናውን በገመድ ስበው ሲጭኑ ስንታየሁ የቀኙን ፓራፋንጎ አንስቶ ሰጣቸው። ከማስረከቡ በፊት አንድ ጊዜ በመዳፉ ሄደበት። አንድም እብጠት፣ አንድም ጎድጓዳ አልነበረውም። በዕድሜው የሠራው ምርጥ ሥራ እሱ ነበር። ሹፌሩ ግራ ገብቶት፣ «የግራውስ?» አለው።

«የለም» አለ ስንታየሁ።

መኪናው ከሄደ በኋላ አልማዜ ልታጽናናው ብላ፣ «ቢያንስ እውነቱን ነገርካት» አለችው።

«የነገርኳት ለራሴ እንዲቀለኝ ነው» አላት። «እሱም አልቀለለኝም።»

በሐምሌ ጋራዡን ለበርና መስኮት ሠሪዎች ለቀቀላቸው። መዶሻዎቹን ማን እንደወሰዳቸው አልጠየቀም። አሁን ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ይቀመጣል። የሚያውቁት ሰዎች የተጎዳ መኪናቸውን እያቆሙ፣ «ጋሽ ስንታየሁ፣ ይቺን ብቻ» ይሉታል። አልሠራም ይላቸዋል። ምክንያቱን ሲጠይቁት አይደብቅም፤ ዓይኔ ጠፍቷል ይላል። ያዝኑለታል። ያ ኀዘናቸው ምንም አያደርግለትም። አልማዜ ዝናቡ ሲበረታ «ግባ እንጂ» ትለዋለች። «እሺ» ይላታል፤ ግን አይነሳም።