ከሐይቁ ማዶ

ዳቦ ጋጋሪው ፊት ለፊት ሲያገኙት አፉ የተሰፋ ሰው ነው። አብረውት የሚሠሩት «ደህና አደርክ?» ሲሉት አንገቱን ነቅንቆ ወደ ሊጡ ያልፋል። መጀመሪያ ኩራት መስሏቸው ተቀይመውት ነበር፤ ኋላ ግን በየቃሉ ግብር ይከፍልበታል እያሉ ይስቁበት ጀመር። ስልክ ሲይዝ ምን ያህል ወሬኛ እንደሚሆን ቢሰሙ ጉድ ይሉ ነበር። ይህን የምታውቀው ግን አገር ቤት የቀረችው ሚስቱ ብቻ ነበረች።

የሚኖርበት ከተማ ደግሞ ዳገት ብቻ ነው፤ ሰው ጎረቤቱን ሊጠይቅ ሄዶ እያለከለከ የሚመለስበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ሲወጣ ቅንድቡ ላይ የቀረውን ዱቄት እንኳ ሳያራግፍ ብስክሌቱ ላይ ይወጣና፣ ሁለት ዳገት ተሻግሮ ሐይቁ ዳር ይደርሳል። እዚያ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይደውላል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስልኩን ስፌት መኪናዋ አጠገብ አቁማ «ዛሬ ሐይቁ ምን ይመስላል?» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው የለም። ስለ ዳክዬዎቹ፣ ዓሣ እያጠመደ መልሶ ስለሚለቀው ሽማግሌ፣ ነፋስ ስለሚያሸበሽበው ውሃ ያወራላታል።

«ዳገቱ ላይስ? ወርደህ ገፋኸው አይደል? እውነቱን ተናገር» ትለዋለች።

«ትንሽ ገፋሁት» ይላል፤ ይሳሳቃሉ። ስልኩ ሲዘጋ ውሃውን እያየ ብዙ ይቆያል።

ከመጣ በሁለተኛው ዓመት አንድ አሮጌ የሴት ብስክሌት ገዛላት። ኮርቻውን ያስተካከለው ጭንቅላቷ ደረቱ ላይ የት ይደርስ እንደነበር አስታውሶ ነው። ቆሞ እንዳይዝግ አልፎ አልፎ እሱ ራሱ ይነዳዋል፤ ጉልበቱ አገጩን ሊመታው ምንም አይቀረውም፣ ኮርቻውን ከፍ አድርግ ቢሉት ግን ሞቶ ነው። መንገደኛ ቢስቅበትም ደንታ አልነበረውም።

ሚስቱ በአራተኛው ዓመት መጣች። ብስክሌቱን ሲያሳያት ኮርቻውን ዳበስ አድርጋ ሳቀች።

«እኔ መች ብስክሌት መንዳት እችላለሁ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንደዚያ ደስ ብሎህ ስታወራ ምን ብዬ ላቋርጥህ?»

ረጅሙ ወሬያቸው ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጸጥ አለ። «ሻይ ልጨምርልሽ?» ይላል። «ይበቃኛል» ትላለች። ሊነግራት ያሰበውን ሁሉ እንደያዘ ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። አራት ዓመት ሙሉ የናፈቃት ሴት አጠገቡ ተቀምጣ አሁንም ትናፍቀዋለች። ይሄ ለማን ይነገራል?

አንድ ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ሐይቁ ወሰዳት፤ የሱን ብስክሌት ከኋላ አስጭኖ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዳክዬዎቹ አሉ፣ ሽማግሌውም አለ፤ እሱ ግን አንዱንም አላሳያትም።

«መምጣቴ ከብዶህ ከሆነ ንገረኝ» አለች ውሃውን እያየች። «እህቴ ጋ እመለሳለሁ። አልቀየምህም።»

ተነሣና ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ሄደ።

ወዴት እንደሚሄድ እሱም አላወቀም፤ እግሮቹ ግን ያውቁ ኖሮ ሐይቁን ዞረው ማዶ ያ ድንጋይ ዘንድ አደረሱት። ዞር ብሎ ሲያይ ሚስቱ ቀይ ሹራቧን ለብሳ እዚያው ተቀምጣለች፤ ከሩቅ ጣት ታክላለች። እጁ እንደ ልማዱ ስልኩን አወጣ።

ብዙ ጠርቶ ተነሣ።

«ዛሬ ሐይቁ ምን ይመስላል?» አለችው።

«ማዶ አንዲት ሴት ተቀምጣለች» አለ። «ባሏ ጅል ነው፤ ጥሏት ተነሥቶ ሄደ። ሂጂ ማለቱ ግን አልነበረም። እሷ ከመጣች ወዲህ ቤቱ ቶሎ ልድረስ ብሎ ዳገቱ ላይ ወርዶ መግፋት ትቷል። ቤት ሲገባ ግን ምላሱ ይታሰርበታል። ብትሄድበት ምን እንደሚውጠው አያውቅም።»

«እኔኮ የናፈቀኝ ይሄ ሰውዬ ነው» አለች። «ቤት ያለውን አላውቀውም።»

«እኔንም ሰልችቶኛል።»

ከት ብላ ሳቀች። «በል ና። ስልኩን ግን እንዳትዘጋው።»

በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ እያወራ ነዳ። እየቀረበ ሲመጣ ፍርሃት ያዘው፤ መንገዱ ከወሬው ቀድሞ እንዳያልቅበት ፔዳሉን ቀስ አደረገ። ወንበሩ አጠገብ ሲደርስ ወረደ። እሷም ስልኩን ከጆሮዋ አላነሣችም፤ ጉንጯ ርሷል።

«ከዚያስ?» አለችው። ድምፅዋን ሁለት ጊዜ ሰማው፤ አንዴ ከአፏ፣ አንዴ ከስልኩ።

ፊቷን አየና ዝም አለ። አንጀቷን ሳይበላት አልቀረም፤ ወንበሩ ላይ ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። እሱም ተቀምጦ ጀርባውን ጀርባዋ ላይ አስደገፈና፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ «ከዚያማ» ብሎ ቀጠለ።