የማራናታ ሩብ ክኒኖች

ማራናታ መቀሷን ለጎረቤቷ ለአማረች አደራ ልትሰጥ ስትሄድ ሰው እንዳያይባት ነጠላ ደረበችበት። ልብስ ሰፊ፣ ያውም በመስከረም፣ ያውም የሚዛን ከተማ ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም በሚያሰፋበት ሰሞን፣ መቀሱን ከቤቱ ሲያስወጣ ማን አይቶ ያውቃል? በረንዳዋ ላይ ያልተቆረጠ ሰማያዊ ጨርቅ ተቆልሏል፤ ወላጆች ብቅ እያሉ ደረሰ ወይ ይላሉ። አማረች መቀሱን ተቀብላ እያገላበጠች ምን ሆነሽ ነው አለቻት። ልጄ ዲቦራ እንዳትነካው ብዬ ነው አለች ማራናታ። ዲቦራ ከዚያ መቀስ ጋር በአንድ ክፍል ነው ያደገችው፤ አንድም ቀን ነክታው አታውቅም። ማራናታ የፈራችው የልጇን እጅ ሳይሆን የራሷን እጅ ነበር።

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ከአምስት ዓመት በፊት ዲቦራ በተወለደች ሰሞን ማራናታን እንቅልፍ ጥሏት ጠፋ፤ ምግብ አልወርድ አላት፤ ጡቷን ሰጥታ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ትውላለች። አራስ ናት፣ ይለፍላታል አሏት። አልለፈላትም። አብዛኛው ሰፈር ቸርች በሄደበት አንድ እሑድ ሕፃኗን ታቅፋ ከሰፈሩ በታች ወዳለው ወንዝ ወረደችና በክረምቱ ሙላት ዳር ተቀመጠች። ልብስ አጥበው የሚመለሱ ሴቶች ደርሰው ይዘዋት ወደ ቤት መለሷት። ባያገኙሽ ኖሮ ምን ልታደርጊ ነበር ሲሏት አላስታውስም ትላለች። ታስታውሳለች።

የባሏ እናት እትዬ በየነች በማግስቱ ከቴፒ መጥታ ሕፃኗን ወሰደች፤ ከዓመት በላይም አሳደገቻት። ማራናታ ሆስፒታል ተመላለሰች። እዚያ ያገኘችው አስረስ የአእምሮ ጤና ነርስ ነው፤ ከተማው ግን ዶክተር ይለዋል፣ እሱም ማረም ሰልችቶት ትቶታል። ድባቴ ነው አላት፤ ማታ ማታ ሁለት ክኒን እንድትውጥ አዘዘላት። ቀስ እያለች ሰው ሆነች። እትዬ በየነች ክፉ ሴት አይደለችምና ልጅቷን ስትመልስ አልጮኸችም፤ በር ላይ ቆማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ሁለተኛ እንዲህ ከሆንሽ ግን ዲቦራን ወደዚህ ቤት አልመልሳትም» ብቻ አለች። ብትሰድባት ይሻል ነበር። ማራናታ ያችን ቃል ከዚያ ወዲህ ረስታ አድራ አታውቅም።

ክረምቱ ሲገባ ክኒኑን ለማቆም አሰበች። አፏ መድረቁ፣ ጠዋት ጠዋት ድንዝዝ ማለቱ ሰልችቷታል፤ ዲቦራም ወንድም ወይም እህት ያስፈልጋታል። አስረስ ተስማማ፣ ግን በአንድ ጊዜ ማቆም የሚባል ነገር የለም አላት፤ በየወሩ ሩብ ክኒን ብቻ መቀነስ ነው። ሰውነትሽ ለምዶታል፣ በድንገት ሲጎድልበት ይቆጣል አላት። ዕድሜዋን ጨርቅ ስትለካና ስትቆርጥ የኖረች ሴት ክኒን በምላጭ አራት ቦታ መክፈል አላቃታትም። መድኃኒቱ ሚዛን ውስጥ በየጊዜው ስለሚጠፋ ባሏ ፍቅሩ ከጅማ ብዙ ገዝቶ አስቀምጦላት ነበር። የሚበቃትን አስቀረችና ትርፉን በከረጢት አድርጋ፣ ካየሁት ይፈታተነኛል፣ ወስደህ ሽንት ቤት ጣልልኝ አለችው። እሺ ብሎ ይዞ ወጣ።

ፍቅሩ ከሸኮ ወዲያ ባለ የቡና መፈልፈያ ውስጥ የማሽን ሠራተኛ ነው። ሥራው ቡና ሲደርስ ብቻ ስለሆነ ክረምቱን ቤት ነው የሚያሳልፈው። በዚያ ክረምት ታዲያ ጠዋት እየተነሳ የቡና ቅጠል ያፈላላት ጀመር። የቡና ቅጠል እዚያ አገር በየቤቱ ይፈላል፤ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ ኮረሪማው፣ ጨው ሳይቀር ይገባበታል፤ ሲጠጡት ይመራል፣ ያቃጥላል፣ እንባ ያመጣል፣ ነገም ድገሙኝ ያሰኛል። ነገሩ እንግዳ የሆነው የሚያፈላው ወንድ በመሆኑ ነው። ሰፈሩ ሳቀበት። አማረች የእኔንም ባል ወስደሽ አሠልጥኚልኝ እያለች አሾፈች። ፍቅሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያፈላል፣ ኩባያውን በእጇ ያስይዛታል፣ እስክትጨርስም ከአጠገቧ አይነሳም። ማራናታ እንዲህ መታየቱን ወደደችው። ባሏ ከዚያ የወንዝ ዳር እሑድ በኋላ ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አይቷት አያውቅም ነበር።

አንድ ሩብ ቀነሰች፤ ወር ቆይታ ሌላ ሩብ፤ ከዚያም ሌላ። ምንም አልሆነችም። አስረስ ራሱ ተገረመ፤ ሌላው ሰው በእያንዳንዷ ሩብ ያማርራል፣ አንቺ ግን ጠንካራ ነሽ አላት። ማራናታ በልቧ ኮራች። የአፏ መድረቅ ብቻ እንዳለ ነበር፤ እሱንም ከቃሪያው ነው ብላ አለፈችው።

የቆላው ቡና ቀድሞ ቀላና ፍቅሩ ተጠራ። ሰኞ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ሸኮ ሄደ። በሳምንቱ አጋማሽ ላይ ማራናታ ስፌት ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ሰው ሲጠራት ዘወር አለች፤ ራሷ ዞረ፣ ክፍሉ ግን ዘግይቶ ተከተላት። ከዚያ ከማጅራቷ ተነስቶ ጭንቅላቷ ውስጥ የገባ ንዝረት ኤሌክትሪክ የጨበጠች ያህል አስደነገጣት። እግሯ ከፔዳሉ ላይ ቀረ። ደከመኝ አለችና ሻይ ጠጣች። ንዝረቱ ግን ተመለሰ፤ ዓይኗን ባዞረች ቁጥር ይመጣል። በማግስቱ ማቅለሽለሹና ላቡ ተጨመረ። ክር ተበጠሰብኝ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ዲቦራ እናቷን ለማሳቅ ያልተሰፋ ቀሚስ በራሷ ላይ ደፍታ ስትመጣ ማራናታ ጮኸችባት፤ እንዴት ያለ ጩኸት! ልጅቷ ከጨርቁ ክምር ኋላ ገብታ ተደበቀች።

ያን ጊዜ ነው ማራናታ በእውነት የፈራችው። ዲቦራን ከክምሩ ኋላ ልታወጣ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። መጣ፣ አለች በልቧ። ያው ነው፣ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ያስፈራት ጀመር። እንቅልፍ ትንሽ ሸለብ ሲያደርጋት ሙላቱን ታያለች። ወንዙ ከቤቷ ይሰማል፤ ዓመታት ሙሉ ሲሰማ ልብ ብላው አታውቅም፣ አሁን ግን ማሽኑን ስታቆም ሌላ ድምፅ ያለ አልመስላት አለ። ዲቦራን ማጠብ ፈራች፤ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ ከልጇ ጋር ብቻዋን መቆም ፈራች። መቀሱን አማረች ዘንድ አስቀመጠች፤ ቢላዋውን እላይ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው፣ ከዚያ የሰቀለችበትን ማወቋ ራሱ አስፈራት። ዲቦራን አማረች ቤት ታሳድራት ጀመር። ምክንያት ስትጠየቅ ሥራ በዝቶብኝ ማሽኑ ይረብሻታል ትላለች። መቀስ የሌላት ልብስ ሰፊ ሥራ በዛብኝ ስትል አማረች አትከራከራትም።

ፍቅሩ ማታ ማታ ይደውላል። ደህና ነኝ ትለዋለች። እውነቱን ብትነግረው ለእናቱ ይነግራል፤ እናቱ ካወቀች ደግሞ የሚሆነው የታወቀ ነው። ቀኑ እንደዚህ እየተገፋ ሁለተኛው ሳምንት ሲጋመስ እትዬ በየነች ራሷ ከቴፒ ደወለች። ቅዳሜ ልመጣ ነው፣ የልጄ ልጅ ናፈቀችኝ፣ ሙዝና ማንጎም ይዤ እመጣለሁ አለች።  ያቺ ሴት በር ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ካየቻት ይበቃታል፤ የዓይኗን መጎድጎድ፣ የልጅቷን ልብስ አማረች ቤት መገኘት ማን ይደብቅላታል? ዓርብ ዕለት ዲቦራን ለአማረች ትታ ሆስፒታል ሄደች።

አስረስ ሳያቋርጣት ሰማት። ንዝረቱን ስትነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። ያኔ ዲቦራ ስትወለድ እንዲህ ያለ ንዝረት ነበረሽ ወይ አላት። አልነበረም። ያኔ እንዴት ነበር የጀመረሽ አላት። ትንሽ በትንሽ ነበር፤ መቼ እንደጀመራት እንኳ አታውቅም።

«ያኛው ሾልኮ ነው የገባው» አለ አስረስ። «ይሄኛው በር ሰብሮ ነው የገባው። ይሄ በሽታው አይደለም፤ መድኃኒት ሲቋረጥ የሚመጣ ነው። ግን ሩብ ክኒን እንዲህ አያደርግም። ይሄ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ብዙውን የጣለ ሰው ሕመም ነው። እውነቱን ንገሪኝ፣ አቆምሽው?»

አላቆምኩም አለች። ማለች። የተቆረጡትን ክኒኖች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። አስረስ አያቸው፤ ያላመናት መሆኑ ከፊቱ ይነበባል። ፍቅሩ ከሄደ ወዲህ ሌላ የቀረብሽ ነገር አለ ወይ፣ የምትበዪው፣ የምትጠጪው አላት። ማራናታ እንባዋን እየጠረገች ሳቅ አለች። ምን ይቀርብኛል፣ የቡና ቅጠል ብቻ ነው የቀረብኝ፣ የሚያፈላልኝ የለም አለችው።

አስረስ አልሳቀም። «ማን ነበር የሚያፈላልሽ?»

«ፍቅሩ» አለችው። ኩባያውን በእጇ ሲያስይዛት፣ እስክትጨርስ ሲጠብቃት፣ ባዶውን ኩባያ ዘቅዝቆ ሲያይ በዓይኗ መጣባት። ፍቅር ነው ብላ ነበር። ከቃሪያው ነው ብላ ያለፈችው የአፏ መድረቅ ትዝ አላት።

ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ደወለችለት። ከኋላው መፈልፈያው ይጮሃል። የሰጠሁህን ክኒን ሽንት ቤት ጣልከው ወይ አለችው።   ፍቅሩ እየመጣሁ ነው አለና ዘጋው።

ሳይመሽ ቡና የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ መጣ። ቤት ገብቶ አልተቀመጠም፤ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራት። እሷ አንድ ሩብ በቀነሰች ቁጥር ያችኑ ሩብ ፈጭቶ ቅጠሉ ውስጥ ይጨምር ነበር። ምሬቱን ቅጠሉና ቃሪያው ይሸፍነዋል። ሦስቱንም ወር አንድም ቀን ሁለት ክኒን ጎድሎባት አያውቅም።

«ፈራሁ» አለ። «በዚያ እሑድ ሴቶቹ አንቺንና ዲቦራን ይዘው ሲመጡ እኔ ነበርኩ በሩን የከፈትኩት። ከዚያ ወዲህ አንቺን ስፈራ ነው የኖርኩት።»

ማራናታ ይህን ለመስማት አልተዘጋጀችም ነበር።  በእሷ ላይ ያለው ፍርሃት የእሷ ብቻ መስሏት ኖራለች፤ ለካ ሁለቱ በአንድ አልጋ ላይ አንዱን ነገር እየፈሩ ሲተኙ ኖረዋል።

«ታዲያ ለምን አቆምክ?» አለችው። «ለአማረች ሰጥተህ አታስፈላም ነበር?»

ፍቅሩ አንገቱን ደፋ። «ድናለች አልኩ። ሳይሽ ጥሩ ነበርሽ፣ ትስቂ ነበር። ሰኞ ስሄድ ከረጢቱን መንገድ ላይ ወረወርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈራ ትቼሽ ሄድኩ።»

ልትቆጣው ፈለገች፣ ልታቅፈውም ፈለገች፤ ሁለቱንም አላደረገችም። በሽታው አይደለም፤ አስረስ ክኒኑን ወደ ሁለት መልሶላታል፣ ንዝረቱ በጥቂት ቀን ይበርዳል ብሏታል። ይህን ስታስብ ደረቷ ይለቃታል። ወዲያው ደግሞ ሌላው ይመጣባታል፤ ጠንካራ ነኝ ብላ የኮራችባቸው ወራት የእሷ አልነበሩም፣ የክኒኑ ነበሩ። ከክኒኑ ውጭ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታየም። ሰውነቷ ሲረጋጋ ከመጀመሪያው ሩብ እንደገና መጀመሯ ነው፤ ያኔ መድኃኒቱ በእውነት ሲጎድል ምን እንደሚመስል ከእንግዲህ ታውቀዋለች። ይህ አስፈራት።

«ነገ እናትህ ትመጣለች» አለችው። «አንተ ነህ የምትነግራት።»

«ምን ብዬ?»

«እሷ አልታመመችም፣ ያሳመምኳት እኔ ነኝ በላት። ካላልክ ዲቦራን ይዛት ትሄዳለች።»

ፍቅሩ እናቱን ያውቃታል፤ ይህን ከመናገር የመፈልፈያው ማሽን ውስጥ እጁን ቢከት ይቀለው ነበር። እሺ አለ። 

ማራናታ ነጠላዋን ለበሰችና ዲቦራን ልታመጣ ወጣች። ፍቅሩ እኔ ላምጣት አላት፤ ተው፣ እኔ ነኝ የማመጣት አለችው። አማረች ልጅቷን በር ላይ አስረከበቻት። ዲቦራ እናቷን ቀና ብላ አይታ፣ ዛሬ ቤት ነው ወይ የማድረው አለች።

«አዎ፣ ቤት ነው።»

«አትጮሂብኝም?»

«ልጮህ እችላለሁ» አለች ማራናታ። «ከጮህኩ ወደ አባትሽ ሂጂ። እኔም መጥቼ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።»

ዲቦራ ይህን አስባበት ተስማማች። ወደ ቤት የሚወስደው ጠባብ መንገድ በወንዙ አፋፍ ነው የሚያልፈው፤ ውኃው ከታች ይሰማል። እዚያ ሲደርሱ ማራናታ ዓይኗን ወደ ድምፁ ልታዞር ስትል ንዝረቱ ጭንቅላቷ ውስጥ ገባ፤ መንገዱ ዘግይቶ ዞረ። ቆመች። ልጅሽን ልቀቂያት፣ ራቂያት የሚል ነገር እጇን አላላው። ዲቦራ ምን ሆንሽ አለቻት። ማራናታ የልጇን እጅ እንደገና አጥብቃ ያዘችና ንዝረቱ እስኪያልፍ እዚያው ጠበቀች።