ያልተሸመደደው ኢንተግራል

ዕንባቆም ጠመኔውን ከሰሌዳው ሳያነሳ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ቀመሩን ያለ አንዳች ዕረፍት አወረደው። የቤሰልና የጋውሲያን ፈንክሽኖች ብዜት ፎሪየር ትራንስፎርሙ ይኸው! ይህን ካላወጣ የመመረቂያ ርዕሱን እንደሚነጠቅ አማካሪው ዶክተር የትነበርሽ ነግራዋለች። በዕድሜ ብዙ አትበልጠውም፤ በቁጣ ግን ትበልጠዋለች።

"ጨረስህ?" አለችው ከኋላው ቆማ። "እስቲ ቤሰሉን አንድ፣ ፍሪኩዌንሲውን ዜሮ አድርግ። ሞገዱ ሲተኛ ምን ይቀራል?"

"ከጋውሲያኑ ሥር ያለው ስፋት።"

"ያንተ መልስ ያንን ይሰጣል?"

አልሰጠም፤ አነሰ። ጆሮው ጋለ።

"የኢንተግራል ሠንጠረዡ ላይ እንዲህ ነው እኮ!"

"ሠንጠረዡ ከኢንተግራሉ ፊት ማካፈያ አለው፤ የእኛ የለውም። ሳትጠይቅ ሸመደድከው። ነገ ጠዋት ካላወጣኸው ርዕሱን ለሌላ እሰጠዋለሁ።"

የቀሓን ወንዝ ተሻግሮ ቤት ሲደርስ አባቱ መሪጌታ ሐብተ ማርያም የቅኔ ተማሪዎቻቸውን ጉባኤ ቃና፣ ባለ ሁለት ቤቱን ቅኔ፣ ያስቆጥራሉ። የደረሰበትን ነገራቸው። ሒሳቡ ባይገባቸውም ሳቁ።

"ምነው ልጄ፣ ንባብ ቤት መሰለህ? እዚያ አንድ ፊደል ብትገድፍ ትቆነጠጣለህ። እዚህ ቅኔ ቤት ግን የትናንቱን ቅኔ ይዞ የመጣ ምን ይባላል?"

"ሌባ!" አሉ ተማሪዎቹ ባንድ አፍ።

"በል ሂድ፣ አዲስ ቁጠር!"

ስድቡ ቆረቆረው፤ እልህም ሆነው። ጓሮ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሠንጠረዡን ዘጋ። ለመሆኑ ቤሰል ምንድን ነው? በክብ ዙሪያ ካለው አቅጣጫ ሁሉ የሚመጡ ሞገዶች አማካይ። አንዱ ሞገድ በጋውሲያን ሲባዛ ትራንስፎርሙ ያው ጋውሲያን ነው፤ ከቦታው ፈቀቅ ይላል እንጂ። እንግዲያስ ፈቀቅ ያሉትን ሁሉ ሰብስቦ አማካያቸውን መውሰድ ነዋ! ሳተ፤ ሰረዘ፤ ደግሞ ሳተ። "ዛሬ ወይ አንተ ወይ እኔ!" አለው ኢንተግራሉን። ለቡና ሲጠሩት አልሰማም። መልሱ እጁ የገባው ብርሃኑ ከወረቀቱ ላይ ሊሸሽ ሲል ነው።

በማግስቱ ሰሌዳው ፊት ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱ መስመር ከየት እንደመጣ እየተናገረ ጻፈ። የትነበርሽ ሳትጠይቀው ዜሮውን ራሱ ሞከረ። ስፋቱ ልክ ገጠመ።

"ሸጋ። ርዕሱ ያንተ ነው" አለችው። ወዲያው ደግሞ፣ "አሁን በዜሮኛው ቤሰል ፈንታ አንደኛውን አስገባ።"

"ይህንን የትም አላየሁትም።"

"አውቃለሁ።"

ዳስተሩን አንስቶ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ጠረገው።