ባለ ሁለት ላስቲኩ ቁልፍ

አሳየሽ የዘጠኝ ቁጥርን በር መጀመሪያ በጣቷ አንኳኳች፤ ቀጥሎ በመዳፏ፤ ቀጥሎ በመጥረጊያው እንጨት። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ከውስጥ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ውሃ። በሩ ሥር ጭቃ የያዘች ሮዝ የልጅ ጫማ ጥንድ ሆና ተቀምጣለች።

"ቤቶች!" አለች። "ተነሱ! በሩን ክፈቱ!"

ከስምንት ቁጥር ከረባቱን በግማሽ ያሰረ ሰውዬ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "እባክሽ፣ ገና ጠዋት ነው" አለና መልሶ ዘጋ።

ጠዋት መሆኑንማ ታውቃለች። የሐምሌ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ዝናብ አላባራም፤ የዳሞታ ተራራ ጉም ውስጥ ገብቶ የለም። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ነው። ከየአገሩ የመጣ ወላጅ አልጋ ፍለጋ ሲንከራተት ሰንብቶ፣ ከትናንት ጀምሮ ሶዶ ውስጥ ያለ ሆቴል ሁሉ "አልጋ የለም" ማለት ጀምሯል። አሳየሽ አልጋ የምታነጥፍበት የወይዘሮ አልጋነሽ ፔንሲዮን እንኳ አሥራ አራቱም ክፍል ሞልቷል። ይህ ፔንሲዮን የሚሞላው ሌላው ሁሉ ከሞላ በኋላ ነው።

ዘጠኝ ቁጥር ግን መሞላት አልነበረበትም።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። እንግዳ ተቀባዩ ቦጋለ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሻዩን እፍ ይላል።

"ዘጠኝን ማን ከፈተው?"

"እኔ ነኛ፤ ማን ይከፍተዋል?" አለ ቦጋለ። "እናትና ልጅ ናቸው፣ ከደብረ ብርሃን። ትልቋ ልጃቸው ትመረቃለች። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ዝናብ አበስብሷቸው መጡ። ምን ላድርግ፣ ልመልሳቸው?"

"ቁልፉ ላይ ላስቲክ አልነበረም?"

"ነበረ። የትኛው ላይ የለም?"

ይሄ እውነት ነው። የላስቲኩን ሕግ ያወጣችው ራሷ አሳየሽ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ሥራ ስትጀምር፣ ብልሽት ያለበት ክፍል ለእንግዳ እንዳይሰጥ ብላ ቁልፉ ላይ ብር የሚታሰርበትን ቢጫ ላስቲክ ጠመጠመች። ክፍሉ ሲጠገን ላስቲኩ ይወልቃል ተባለ። ሦስት ቁጥር ሽንት ቤቱ ውሃ አይለቅም፤ ላስቲክ። አምስት ቁጥር ማብሪያው ሲነኩት ይነዝራል፤ ላስቲክ። አሥራ አንድ ቁጥር ኮርኒሱ ውስጥ አይጥ ወልዳለች፤ ላስቲክ። ዘጠኝ ቁጥር ጣሪያው ያፈሳል፤ ላስቲክ። ዓመት ሳይሞላ አሥራ አራቱም ቁልፎች ላስቲክ አጠለቁ፣ ቦጋለም ላስቲኩን የቁልፍ ጌጥ አድርጎ ማየት ለመደ።

"ሁለት ነው ያደረግሁበት!" አለች አሳየሽ። "ሁለት ላስቲክ!"

"አይቻለሁ። አንዱ ውሃ፣ አንዱ መብራት መስሎኝ።"

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ከአርባ ምንጭ ለሥራ የመጣ አንድ ኦዲተር ዘጠኝ ቁጥር አደረ። ጠዋት አንገቱ አብጦ ወረደና፣ ምንም ሳይናገር፣ ሌሊቱን የለቀማቸውን ትኋኖች በውሃ መጠጫ ብርጭቆ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ሃያ ሦስት ናቸው። ቆጥሯቸዋል፤ ሙያው ነው። ወይዘሮ አልጋነሽ ብርጭቆውን በሶፍት ሸፈኑና አሳየሽን ጠሩ።

"እናንተ አገር ሁምቦ፣ በቆሎው እንዳይነቅዝ የምትጨምሩት ክኒን አለ አይደል? እሱ ትኋን አይገድልም?"

"እትዬ፣ እሱ ሰውም ይገድላል።"

"ሰው መች እናስገባለን? ዘግተን ነው እንጂ።"

አሳየሽ እምቢ ማለት ነበረባት፤ አላለችም። ከአባቷ ጎተራ ክኒኑን አመጣች። ከትናንት ወዲያ ሦስቱን በጨርቅ ቋጥራ ከአልጋው ሥር አስቀመጠች፣ የተሰበረውን መስኮት በፌስታል ወተፈች፣ በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉ ላይ ሁለተኛ ላስቲክ ጠመጠመች። "ሦስት ቀን እንዳይከፈት" ብላ ለወይዘሮ አልጋነሽ ነግራ፣ የእረፍት ቀኗ ስለነበር ወደ ሁምቦ ወረደች። ዛሬ ጠዋት ስትመለስ የዘጠኝ ቁጥር መስቀያ ባዶውን አገኘችው።

የሁምቦ ልጅ ይህን ክኒን ያውቀዋል። እርጥበት ሲነካው ይተናል፤ ሽታው ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። ካቻምና አንድ ጎረቤታቸው በቆሎውን ከነክኒኑ መኝታ ቤት አግብቶ ከሁለት ልጆቹ ጋር ተኛ። ጠዋት በሩን የሰበሩት አባቷ ነበሩ፤ ምን እንዳዩ እስከ ዛሬ አውርተው አያውቁም። አሁን ጆሮዋ ውስጥ ያ ጠብታ አለ። ጣሪያው የሚያፈሰው አልጋው ላይ ነው። ክኒኑ ያለው አልጋው ሥር ነው።

ወይዘሮ አልጋነሽ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ከጓዳ ወጡ። "ምንድነው ጩኸቱ? እንግዶች ቁርስ ላይ ናቸው፤ ድምፅሽን ቀንሺ።"

"እትዬ፣ ዘጠኝ ቁጥር ሰው አለ! በር ትሰበር! አሁን ትሰበር!" አሳየሽ ስትደነግጥ አማርኛዋ ወንድና ሴቱን ይደባልቅባታል።

ወይዘሮ አልጋነሽ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ግን ወዲያው ተመለሰ። "ወጥተው ይሆናላ። ምርቃት ነው፤ በጠዋት ነው የሚወጣው። የሰበርሽውን በር በኋላ ማን ያሠራዋል?"

"የልጅ ጫማ በሩ ላይ ነው" አለች አሳየሽ።

ቦጋለ ሻዩን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማንንም አላስፈቀደም፤ ደረጃውን ሮጦ ወጣና በሩን በትከሻው መታው። በሩ ሲንቀጠቀጥ በሥሩ ቀጭን ሽታ ወጣ፤ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት። አሳየሽ ሻሿን ከራሷ አውልቃ አፏ ላይ ያዘች።

ሁለተኛውን ሊመታ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ አንሶላ ከሚሰጣበት ከኋላ በረንዳ፣ ሕፃን ሲያስመልሰው ተሰማ።

አሳየሽ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ገመድ ላይ የተሰጡትን አንሶላዎች ገልጣ አየች። አንዲት ሴት ሲሚንቶው ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ስድስት ዓመት የሚሆናትን ልጅ ጭንቅላት ደግፋ ይዛለች። ነጭ የሀገር ልብሷን እንደለበሰች አድራለች። በአንድ እጇ ቁልፉን ጨብጣዋለች።

"ሕያው ናቸው" አለች አሳየሽ። "ጌታ ሆይ! ሕያው ናቸው!"

"አይ እናንተ ሰዎች" አለች ሰብለ፤ እናትየው። ድምፅዋ ደክሟል፣ ቁጣው ግን አለ። "ገብተን ጋደም ከማለታችን ጣሪያው ፊታችን ላይ አፈሰሰ። ሃይሚን መሬት አነጠፍኩላት። ደግሞ የሽንኩርት ሽታ አለው፤ ኩሽናው ከሥር ይሆናል አልኩ። ቆይታ 'ማሚ ደረቴን' ስትለኝ ፍራሹን ጎትቼ ወጣሁ፤ ንብረቴ አለና በሩን ቆለፍኩት። ስጣራ ማንም የለም።"

ቦጋለ ወለሉን አየ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ደርሰው ያዩት መጀመሪያ ፍራሹን ነው፤ ቀጥሎ ልጅቷን። አማተቡ። "ተመስገን! አያችሁ፣ ጣሪያውን ሳላሠራው የቆየሁት ለካ እመቤቴ ይዛኝ ኖሯል።"

የሃይሚ ከንፈር ቀለሙን ቀይሯል። ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ይላል።

"ባጃጅ!" አለች አሳየሽ። "ቦጋለ፣ ባጃጅ ጥራ! ስምንትና አሥርንም አስወጣ፣ ኮርኒሱ አንድ ነው!"

ዝናቡ ውስጥ ልጅቷን አቅፋ ባጃጁ ጋ ስትደርስ፣ ወይዘሮ አልጋነሽ ክንዷን ያዟት። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

"ትናንት መንገድ ላይ ሳምቡሳ በልታለች፤ እናቷ ነግራኛለች። ሳምቡሳው ነው በይ።"

"እትዬ..."

"ለአንቺ ብዬ ነው። ያመጣሽው አንቺ፣ ያስቀመጥሽው አንቺ። የወጣው ከአባትሽ ቤት። ፖሊስ ሲመጣ ሁምቦ ድረስ ነው የሚሄደው፤ ሽማግሌውን አስቢ።"

ባጃጁ ውስጥ የሰብለ ስልክ ጮኸ። ትልቋ ልጇ ሊድያ ናት፤ ድምፅዋ ከዝናቡ በላይ ይሰማል። "ማሚ! ጋዋኑን ለብሻለሁ፤ የት ደረሳችሁ?"

"እየመጣን ነው፤ አንቺ ግቢ" አለች ሰብለ፣ ዘጋችውና ልጇን ትክ ብላ ማየት ጀመረች። አሳየሽ የሃይሚን ደረት በመዳፏ ይዛለች። ከመዳፏ በታች ልቧ እንደተያዘች ወፍ ይፈራገጣል። ስለ አባቷ ማሰብ ሞከረች፤ የሚመጣላት ግን የሰበሩት የጎረቤት በር ነው።

ድንገተኛ ክፍሉ ሞልቷል። ተራ የደረሳቸው ሐኪም ደገፉ የሚባል ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ነው።

"ምን በላች?"

"ሳምቡሳ" አለች ሰብለ። "ትናንት፣ መናኸሪያ።"

"እ..." ጻፈ። "በዚህ ዝናብ ሳምቡሳ ብዙ ሰው አምጥቶልናል። ፈሳሽ እንሰጣታለን፣ የሚዋጥም አዝላታለሁ።"

ወረቀቱን ቀደደው። እጁን ዘርግቶ ለእናትየው ሊሰጣት ነው። አሳየሽ ወረቀቱን አየችው፤ ትንሽ ወረቀት ናት። ሰብለ ከተቀበለች በኋላ የሚሆነው ሁሉ ታያት።

በወላይትኛ ተናገረች። ቶሎ ቶሎ፣ ወለሉን እያየች፤ የነቀዝ ክኒን፣ ሦስት፣ አልጋ ሥር፣ ውሃ ነክቶታል፣ ልጅቷ መሬት ላይ ነበረች። ሐኪሙ እጁ አየር ላይ ቀረ። በወላይትኛ መልሶ ጠየቃት፤ ስንት ሰዓት ቆዩ? ዋጠች ወይስ ተነፈሰች? መለሰች። ወረቀቱን ጨመደደና ድምፁን አወጣ፤

"ኦክስጅን! ልብሳቸውን አውልቁ፣ መስኮቱን ክፈቱት! እናትየውንም ጨምሩ!"

ነርሶቹ ልጅቷን ይዘው ሮጡ። ሰብለ መሀል ላይ ቀረች።

"ምን አለችው?" አለች። "ምንድነው ያልሽው? አንቺ፣ ምን አልሽው?"

ለሐኪም መናገር ከባድ ነበር። ቢሆንም በቤቷ ቋንቋ ነው፤ ሴትየዋ አልሰማችም። ሐኪሙ ሄዷል። አሁን "ምንም አይደል፣ ይሻላታል" ቢባልም ሕክምናው አይቀርም። አሳየሽ ይህን አሰበች፤ ካሰበችው በኋላ ደግሞ አፈረች።

"ክፍሉ መርዝ ነበረ" አለች በአማርኛ። "ለትኋን። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ሦስት ቀን ይዘጋ ብዬ ነበር። እርስዎ እንደሚገቡ አላወቅኩም።"

ሰብለ አልጮኸችም። ትመታኛለች ብላ አሳየሽ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ስትገልጥ ያየችው የተዘረጋ እጅ ነው። ቁልፉ ጣቶቿ ላይ ቅርጹን አትሟል።

"እንኪ ክፍልሽን" አለች ሰብለ፣ ነርሷም ይዛት ገባች።

አሳየሽ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። አንድ ሰዓት፣ ምናልባትም ሁለት። ሊድያ፣ እናቷ ደውላላት፣ ጥቁር ጋዋኗን እስከ ጉልበቷ ጭቃ አስነክታ እየሮጠች አለፈቻት፤ ያለፈቻት ማን እንደሆነች አታውቅም፤ "ይቅርታ እህቴ" ብላ ገፋ አድርጋት ገባች። በሩ ሲከፈት አሳየሽ አሻግራ አየች፤ ሃይሚ አፏ ላይ ጭንብል አድርጋ ጣሪያውን ታያለች። ጣሪያው አያፈስም።

ሐኪሙ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። "እስከ ነገ ምንም አልልም" አለ። "ልቧን እየተከታተልን ነው። ትናገራለች ግን፤ ጫማዬስ አለች።" ከዚያም፣ "ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታችን ነው፤ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

ፖሊሱ መጥቶ መዝገብ ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ ስልኳ ጠራ። ቁጥሩ የቦጋለ ነው፤ ድምፁ የወይዘሮ አልጋነሽ።

"ልጅቷ እንዴት ናት?"

"አላወቁም።"

"ምን አልሻቸው?"

"ክኒን አልኳቸው።"

ከኋላቸው የሚያጉረመርም ሰው ይሰማል፤ ስምንት ቁጥር መሆን አለበት። "ማን አስቀመጠው አልሽ?"

"እኔ።"

"ማን አዘዘሽስ?"

"እስካሁን አልጠየቁኝም።"

ወይዘሮ አልጋነሽ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። "ጎሽ የኔ ልጅ። በይ ቁልፉን ከሴትየዋ ተቀብለሽ በባጃጅ ላኪልኝ፤ ትርፍ ቁልፉ የት እንደገባ እንጃ። እዚህ ከሐዋሳ የመጡ ቤተሰቦች ቆመዋል፤ እስከ ማታ መስኮቱን ከፍተን ብናናፍሰው..."

አሳየሽ መዳፏን ከፈተች። ሁለቱ ላስቲኮች ከሰብለ እጅ ላብ እርሰዋል።

"ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ እትዬ" አለችና ዘጋችው።

መልሶ ጠራ። ሳታነሳው መዝገብ ክፍሉ ገባች። ፖሊሱ ወረቀቱን አስተካክሎ እስክሪብቶውን ሳይከፍት፣ ቁልፉን ወረቀቱ መሀል አስቀመጠችለት።

"ምንድነው ይሄ?"

"የዘጠኝ ቁጥር ነው። ማንም እንዳይገባ እርስዎ ይያዙት።"

ፖሊሱ ቁልፉን አገላብጦ አየው። "ይሄ ላስቲክስ?"

አሳየሽ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

"ከእሱ ልጀምርልዎ" አለች። "ከመጀመሪያው ላስቲክ።"