ያልታዘዘው ምርመራ

ፊቤ "ይህን ውጤት አልፈርምም" ስትል ሥራ አስኪያጁ የቀለደች መስሎት ሳቀ።

"ምን ጎደለው?" አላት፣ ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ።

"ባክቴሪያውን መድኃኒት አይገድለውም። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አይቻለሁ።"

ፊቤ ጆሃንስበርግ ውስጥ በአንድ የግል ላቦራቶሪ ስትሠራ አራተኛ ዓመቷ ነው። በፈረንጆቹ 2021 ሦስተኛው የኮሮና ማዕበል ከተማውን ሲያምስ፣ አንድ ድርጅት "ከጤነኛ ሰው አንጀት የተገኘ ጠቃሚ ባክቴሪያ" የሚል እንክብል ላከላቸው። የታዘዘችው በእንክብሉ ውስጥ ስንት ሕያው ባክቴሪያ እንዳለ እንድትቆጥር ብቻ ነበር። ቆጠረች፤ ልክ ነው። ግን ያንኑ እንክብል ቀደም ብላ ከፋርማሲ ገዝታ ለታላቅ ወንድሟ ለዱካሞ ሰጥታዋለች። ኮሮና ሲይዘው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ በላይ በላዩ ውጦ ሆዱ ተበላሽቶ ነበር።

ስለዚህ ማንም ሳያዛት፣ ባክቴሪያው በሚያድግበት ሳህን ላይ ቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ የተነከረ ትንሽ ወረቀት አስቀመጠች። መድኃኒቱ ቢሠራ ኖሮ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም አይበቅልም ነበር። ባክቴሪያው ግን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ሞልቶታል። ይባስ ብሎ፣ መድኃኒቱ በቀላሉ ከሚገድለው ሌላ ባክቴሪያ ጋር ስታሳድገው ያኛውም መድኃኒቱን የመቋቋም ችሎታውን ወረሰ።

"ሰው ሆድ ውስጥ ለበሽታ አምጪ ባክቴሪያ ቢያስተላልፈውስ?" ስትል ሥራ አስኪያጁን ጠየቀችው።

"ደንበኛው ይህን ምርመራ አልጠየቀም።"

"ደንበኛው የሚውጠው ሰው ነው!"

ሥራ አስኪያጁ የውጤቱን ወረቀት ከፊቷ አንስቶ ለሥራ ባልደረባዋ ሰጠ። ባልደረባዋ ፊቤን ቀና ብላ ሳታይ ፈረመች። ፊቤ ጋዋኗን ወንበር ላይ ወርውራ ወጣች።

ቴምቢሳ ሰፈር፣ ስፓዛ ከሚሏት ከዱካሞ ትንሽ ሱቅ ስትደርስ በብረት ፍርግርጉ በኩል ያየችው ነገር አደነዘዛት። የእንክብሎቹ ብልቃጦች ከሳሙናው አጠገብ ተደርድረዋል።

"ይሄ ምንድነው ጋሼ?"

"አንቺ የሰጠሽኝ ነዋ! ሲሻለኝ ከጅምላ አመጣሁ። 'እህቴ ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው' እያልኩ ለሰፈሩ ሸጥኩት።"

በምርመራ ያገኘችውን ስትነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።

"ሳትመረምሪ ነው እንዴ የሰጠሽኝ?"

"ፋርማሲ ሲሸጠው የተመረመረ መስሎኝ..."

"መስሎኝ! እኔ በአንቺ ስም ሸጫለሁ! እንክብሉን የገዙኝን ማማ ኖምሳን ምን ልበላቸው?"

ሥራ አስኪያጁ ላይ የነደደው ንዴት ወደ ራሷ ዞረ። ዱካሞ ብልቃጦቹን አፍሶ ቦይ ውስጥ ሊደፋ ሲወጣ ክንዱን ያዘችው።

"ውሃ ውስጥ አይጣልም! ሕያው ነው እኮ!"

ባልዲ ውስጥ በረኪና ሞልተው፣ እንክብሎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ዘፈቋቸው። ሲጨርሱ ጎረቤታቸው ማማ ኖምሳ ዘንድ ሄዱ። ፊቤ ስታስረዳ ዱካሞ ወደ ዙሉ ተረጎመላቸው። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ታዲያ አሁን ሆዴ ውስጥ ምን ይሆናል?"

"ምንም ላይሆን ይችላል። አላውቅም። ሐኪም ጋ ሲሄዱ ግን ይህን እንደወሰዱ ይንገሯቸው።"

"አላውቅም ትላለች!" ብለው በሩን ጠረቀሙባቸው።

በማግስቱ ውጤቱን ለመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ላከች፣ በስሟ ፈርማ። በዚያው ሳምንት ላቦራቶሪው "ያለ ፈቃድ ዕቃ ተጠቅመሻል" ብሎ አሰናበታት። እንክብሉ ግን በየፋርማሲው መሸጡን ቀጠለ።

ፊቤና ዱካሞ እንክብሉን የገዙትን ሰዎች ሁሉ እየፈለጉ በየቤቱ ዞሩ። አብሯት እየሄደ አያናግራትም። ሰባተኛው ቤት አንድ ሰውዬ ጣቱን ፊቷ ላይ ቀስሮ ሲጮህባት፣ ዱካሞ በመሃላቸው ገባ።

"እሷ ላይ አትጩህ! እያወቁ የፈረሙት ሌሎች ናቸው። አድራሻቸውን ልስጥህ?"

ሰውየው እስክሪብቶ ሊያመጣ ገባ።