ሦስተኛው የሙከራ ጽሑፍ

በወሩ ሃያኛ ቀን ጠዋት ነገሩ እንዲህ ነበር። ለሃምሳ ሦስት የጽሑፍ ሥራዎች አመልክቻለሁ፤ አራቱ መልሰውልኛል፤ የቀጠረኝ የለም። የምሠራበት ክፍል ሦስት ሜትር በአራት ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ላፕቶፕ፣ መስኮቱ ሥር አንድ ወንበር አለው። ወንበሩ ላይ እማዬ ትቀመጣለች።

ዘጠኝ ዓመት በላቦራቶሪ ደም ስመረምር ኖሬ ክሊኒኩ ሲዘጋ ነው ቤት ተቀምጦ የሚሠራ ጽሑፍ ፍለጋ የገባሁት። እማዬ ብቻዋን መዋል አትችልም። ታላቅ ወንድሜ ወሩ እስኪያልቅ ሥራ ካልያዝኩ ወደ እሱ ቤት እንደሚወስዳት ነግሮኛል፤ የእሱ ቤት የአንድ ቀን መንገድ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ማመልከቻ እየላኩ መልስ መጠበቅ ሥራ አይባልም ይላል፤ እውነቱን ነው። ግን እማዬ አንዴ ከሄደች የምትመለስ አይመስለኝም።

ያን ቀን ያየሁት ማስታወቂያ አጭር ነበር፦ ያየውን በትክክል የሚጽፍ ሰው እንፈልጋለን። ሦስት የሙከራ ጽሑፎች ይጠይቃል። አራሚው እያንዳንዱን በቀይ አርሞ ይመልሳል፣ አመልካቹ ያጸድቃል። በዚህ ሥራ ትንሽ የቆየ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ በሙከራ ጊዜ ከአራሚ ጋር ክርክር አይገጠምም። «ሁሉንም ተቀበል» የሚለውን ተጭኖ መላክ ነው። እኔም ከልማድ ብዛት ሳላነብ እጫነዋለሁ።

የመጀመሪያው ስለ ጠረጴዛዬ ነበር። ብርጭቆው ሙሉ ውሃ እንደያዘ ጻፍኩ። አጽድቄ ከላክሁ በኋላ እርማቱን ሳየው «ብርጭቆው ተሰንጥቋል» ይላል። ቀና አልኩ። ከአፉ እስከ መቀመጫው ተሰንጥቆ ውሃው ወረቀቶቼን አርሷል። የላቦራቶሪ ሰው ስህተትን መጀመሪያ የሚፈልገው በራሱ ላይ ነው፤ ሳላስተውል ቀርቼ ይሆናል ብዬ ጠረጴዛውን ወለወልኩ።

ሁለተኛው ከአምስት ቀን በኋላ የመጣው ከመስኮት ስለሚታየው መንገድ ነበር። የዛፉን ትልልቅ ቅርንጫፎች ቆጥሬ አራት ናቸው አልኩ። እርማቱ ሦስት አደረጋቸው። አጸደቅሁ፣ ወጥቼ ቆጠርኩ፤ ሦስት ናቸው። አራተኛው የነበረበት ቦታ የተቆረጠ ጉቶ አለ፤ ግራጫ፣ የደረቀ፣ የዓመታት አቧራ ያለበት። ከመጻፌ በፊት ያነሳሁት ፎቶ ላይ ግን አራቱም ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁና ሦስተኛውን ጥያቄ ከፈትኩ፦ አብሮሽ ስለሚኖር ሰው ጻፊ።

ስለ እማዬ ጻፍኩ። በደቂቃ አሥራ ሰባት ጊዜ እንደምትተነፍስ፣ ስታዛጋ አፏን በሁለት ጣት እንደምትሸፍን፣ እኔን «ቆጣሪዋ» እያለች እንደምትጠራኝ። ምን እየጻፍሽ ነው ስትለኝ ስለ አንቺ አልኳት። ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ስሞት እንኳ አልቅሰሽ አትጨርሺም፤ እንባሽን ስትቆጥሪ ይመሻል» አለችኝ።

እርማቱ የመጣው በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ወንድሜ ደውሎ ስልኩ በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ነበር። እሁድ መጥቶ እንደሚወስዳት፣ ልብሷን እንዳዘጋጅ ይነግረኛል። እኔም ሦስት ቀን ስጠኝ፣ ሥራው እጄ ሊገባ ነው እያልኩ እከራከራለሁ። ፋይሉ ተከፈተ። ጣቴ እንደለመደው «ሁሉንም ተቀበል»ን ተጫነ።

ከዚያ ነው ያነበብኩት። የጻፍኩት ሁሉ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሰርዟል። የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ መስኮቱ ሥር ባዶ ወንበር አለ።

ዞርኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው፤ ብትወጣም የምታልፈው በእኔ በኩል ነበር፤ አላለፈችም።

«እማዬ የለችም» አልኩ በስልኩ።

ወንድሜ ከልጅነታችን ወዲህ ባልሰማሁት ለስላሳ ድምፅ፦ «እታለም፣ ምን ነካሽ? እማዬ ከሞተች'ኮ ስድስት ዓመቷ ነው።»

ያጸደቁትን ወደ ነበረበት የሚመልሰውን «መልስ» የሚለውን ተጫንኩ። ኢንተርኔቱ ዘገምተኛ ነው፤ ምልክቱ ዞረ፣ ዞረ። ወንድሜ ሰው ጠርቼ ልላክልሽ ወይ ይላል። ቀዩ ከገጹ ላይ ጠፋ፤ የጻፍኩት እንደነበረ ተመለሰ።

«...እሁድ ጠዋት እደርሳለሁ፤ መድኃኒቷን እንዳትረሺ» አለ ወንድሜ፣ በቀድሞው ቁጡ ድምፁ።

እማዬ ወንበሩ ላይ ናት። «ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ?» አለችኝ። እጄን ከሥሯ አስገብቼ የተቀመጠችበትን ትራስ ዳሰስኩት። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጣበታለች፤ ትራሱ ግን ማንም እንዳልተቀመጠበት ቀዝቃዛ ነበር።

ማመልከቻዬን ሰረዝኩ። ለወንድሜም እሁድ ና፣ ልብሷ ይዘጋጃል አልኩት። ከዚህ ክፍል ብትርቅ ይሻላታል።

ፋይሉን ከማጥፋቴ በፊት የተለወጠበትን ሰዓት የሚያሳየውን መዝገብ አየሁ። እርማቱ ከጸደቀበት እስከ ተመለሰበት አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። የእማዬን የእጅ ሰዓት፣ መድኃኒቷን በጊዜው እንድትወስድ፣ በየማለዳው ከስልኬ ጋር አስተካክላለሁ፤ ያን ቀንም ጠዋት አስተካክዬዋለሁ። እጇን ይዤ ከስልኬ ጋር አስተያየሁት። አሥራ አንድ ሰከንድ ወደኋላ ቀርቷል።